ከካቡ ማዶ ያለችው ዛፍ

ሠረቀብርሃን ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ሲጠራ፣ ለመማር እንደማይሄድ ሚስቱም ጎረቤቶቹም ያውቁ ነበር። የጥሪ ወረቀቱ ላይ «የሆርቲካልቸር ትርጉምና አተገባበር» የሚል ተጽፏል። ከአንኮበር ተራራ እስከ ቆላው ጫፍ ሆርቲካልቸር የሚለውን ቃል ምላሱ ሳይደናቀፍ የሚጠራ ከእሱ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ «አሠልጣኝ ጎድሏቸው ነው የፈለጉኝ» አለና ኮቱን ለበሰ።

ለዚህ ያበቃችው አንድ የፖም ዛፍ ናት። የዛፏ ጥላ ሁለት ሠርግ ያስደግሳል። ፍሬዋ ከቅርንጫፍ ሲወድቅ ድምፁ አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ይሰማል። አንድ ጊዜ አራት ቤተሰብ ለአንድ ፖም ተቀምጦ ሳይጨርሳት ተነሥቷል። ይህን ያየ ሰው ባይገኝም ያልሰማ ሰው የለም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቀያይ ፍሬዎች በሰፌድ ደርድሮ የሚካኤል ማኅበር ላይ ይቀርባል፤ ጽዋው ሳይዞር ፖሙ ይዞራል፣ ፖሙ ሳይዞር ወሬው ይዞራል። ማኅበርተኛው «ጋሽ ሆርቲ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሊቀልዱበት ነበር ያወጡት፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ በር ላይ ሊያስጽፈው ምንም አልቀረው።

አዳራሹ ውስጥ ከሰላ ድንጋይም ከደነባም የመጡ አርባ ያህል ገበሬዎች ነበሩ፤ እሱ በኋላ ሲያወራው አራት መቶ ሆነዋል። አሠልጣኟ ዙቤዳ ትባላለች። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ተምራ በባለሙያነት የቀረች። ሠረቀብርሃን አባቷን ከገበያ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ከፊት ተቀምጦ እግሩን አነባበረና፣ ልጅቷ ስትሳሳት ለማረም ተዘጋጀ።

«ሆርቲካልቸር የውጭ ቃል ነው» አለች ዙቤዳ በመጀመሪያው ቀን። «የታጠረ ቦታን ማልማት እንደ ማለት ነው። እኛ ጓሮ የምንለው። ፍራፍሬው፣ አትክልቱ፣ አበባው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል።»

«እኔ አጥሬያለሁ» አለ ሠረቀብርሃን። «የእኔ ካብ እንኳን ከብት ነፋስ አያሳልፍም።»

«ንብስ ያሳልፋል?»

ሰዉ ሳቀ። ሠረቀብርሃንም ሳቀ፤ ቀልዱ የተቀለደው በማን ላይ እንደሆነ ግን አልገባውም። በዕረፍት ሰዓት ለደነባዎቹ በሕይወቱ አምስት ሺህ ችግኝ ቀንበጥ እየሰካ በገዛ እጁ እንዳዳቀለ ነገራቸው። አንዱ «ሰንጢው አላለቀም?» ብሎ ጠየቀው። «ሦስት ሰንጢ ጨርሻለሁ» አለ።

በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ተራው የፖም ሆነ። ሠረቀብርሃን ስልኩን አውጥቶ የዛፏን ፍሬ ፎቶ አዞረ። ፖሟን ከአንዲት ትንሽ ሲኒ ጎን አስቀምጦ ስላነሳት ዱባ ታክላለች። ዙቤዳ ስልኩን ተቀብላ ትንሽ አየችና ፈገግ አለች።

«አና የምትባለዋ ዝርያ ናት። ሲኒውን ትተን ፖሟም ጥሩ ናት። ሁለተኛዋ ዛፍ ምንድን ናት ጋሼ?»

«ሁለተኛ የላትም። ብቻዋን ነው አንደኛ የሆነችው።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። አና ለብቻዋ ፍሬ አትይዝም። በአቅራቢያዋ ሌላ ዓይነት ፖም ከእሷ እኩል ማበብ አለበት። ንቧ ከዚያኛው አበባ ብናኝ ካላመጣችላት የእሷ አበባ ረግፎ ይቀራል።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ አፍርታለች።»

«እንግዲያው ሌላዋ ቅርብ ናት። ቢጫ ፍሬ የምታፈራ ትሆናለች፤ ዶርሴት ትባላለች። ጎረቤትዎን ይዩ፤ ሲያገኟትም ይንከባከቧት። እሷ ከሌለች የእርስዎ ዛፍ ማገዶ ነው።»

ሠረቀብርሃን የተነባበረውን እግሩን አወረደ። አዳራሹ ውስጥ ብርድ የገባ መሰለው፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

ቢጫዋ ከካቡ ማዶ ናት። የእትዬ ለተጊዮርጊስ ዛፍ ናት። ነገ ጠዋት ትቆረጣለች። እንድትቆረጥ ያደረገው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

እትዬ ለተ ባላቸውን ገብረመንፈስቅዱስን ከቀበሩ አራት ዓመታቸው ነው። ባልየው በሕይወት ሳሉ ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እትዬ ለተም ብዙ አይናገሩም። ቢጫዋ ዛፋቸው አጭር ናት፣ ፍሬዋም አነስ ይላል፤ ሠረቀብርሃን «የእኔዋ የጣለችው ጥላ ቆሞ ቀርቶ ነው» ይላት ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀው ግን የቅጠሉ ነገር ነበር። የአንኮበር ብርድ ለሰው አጥንት ይበቃል እንጂ ለፖም አይበቃትም፤ ቅጠሏን በራሷ አርግፋ አትተኛም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ሰው በእጁ ቅጠሏን አራግፎ ያስተኛታል፤ ከዚያ ስትነቃ በአበባ ትነቃለች። ሠረቀብርሃን በየዓመቱ የእሱን ባራገፈ ማግስት እትዬ ለተ ወጥተው የእሳቸውን ያራግፋሉ። አንድም ዓመት አላጎደሉም። «ይቀዱኛል» ይል ነበር ለማኅበሩ። «እኔ ሳስነጥስ መሐረብ የሚያወጡ ሴትዮ ናቸው።»

ባለፈው ሐምሌ አንድ እንግዳ መጣ፣ ከደብረ ብርሃን። ከሁለቱም ዛፎች ቀመሰና፣ ሠረቀብርሃን እየሰማ፣ «ቢጫዋ ትጣፍጣለች» አለ። ሠረቀብርሃን ይህን ቃል አራት ወር ሙሉ በሆዱ ይዞት ዞረ። ኅዳር ላይ፣ የክረምቱ እርጥበት በቢጫዋ ቅጠል ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ጥሎ ሲያይ፣ ማኅበሩ መሀል ተነሣና «ይቺ ዛፍ ታማለች» አለ። «በሽታዋ ካብ ይዘላል። ወደ እኔዋ ከተሻገረ አንኮበር ፖም የሚባል ነገር ሁለተኛ አያይም። ትቆረጥ።» እትዬ ለተ ትንሽ አሰቡና «አንተ አዋቂ ነህ፤ ካልክ ይሁን» አሉ። እንጨት ቆራጩ ኃይለኢየሱስ ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጋዙን ይዞ እንዲመጣ እዚያው ተነጋገሩ።

ረቡዕ ዕለት ሠረቀብርሃን የእሱን ዛፍ አራገፈ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ ሲወጣ ካቡን አሻግሮ አየ፤ ቢጫዋ እንደ ለመለመች ናት፣ እትዬ ለተም የሉም። «በመጨረሻ መቅዳት ተዉ» ብሎ እየተደሰተ ነበር የሄደው።

ሥልጠናው እስኪያልቅ ተቀምጦ አልቆየም። የምስክር ወረቀቱን እንኳ ሳይቀበል ወጣና ወደ መናኸሪያ ሮጠ። የመጨረሻዋ የአንኮበር ሚኒባስ ሄዳለች። እትዬ ለተ ስልክ የላቸውም። ሚስቱ ሸዋረገድ ጋ ደወለ።

«ሸዋዬ፣ እትዬ ለተ ዛፏን አስቆረጡ?»

«ነገ ነው። አንተው አይደለህ ቀኑን የቆረጥከው።»

«እስቲ ሂጂና ትንሽ ይቆዩ በያቸው።»

«ለምን?»

ሠረቀብርሃን መንገዱን ዳር እስከ ዳር አየ፤ የሚረዳው ነገር አላገኘም። «እንዲሁ። ከሥልጠናው የመጣ አዲስ ነገር አለ። ረቂቅ ነው። በስልክ አይነገርም።»

«ሠረቀ» አለች ሸዋረገድ፤ በዚህ ድምፅ ስትጠራው ሁልጊዜ ትከሻው ይሰበሰባል። «ሰው ፊት ዛፋቸውን ታማለች ብለህ ሴትዮዋን አሸማቀቅሃቸው። አሁን እኔ ሄጄ ዳነች ልበላቸው? የአንተን ወሬ ተሸክሜ ካብ አልዘልም። ራስህ መጥተህ ንገራቸው።»

ስልኩ ተዘጋ። ያደረበት ክፍል አልጋ፣ በእሱ አነጋገር፣ እሱ ሲገላበጥ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ ተጉዟል።

ሲነጋ ውርጩ የደብረ ብርሃንን ሜዳ ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ሠረቀብርሃን መናኸሪያ ሲደርስ ሚኒባሷ ባዶ ነበረች። ሹፌሩ ቃለ አብ ጋቢና ውስጥ እጁን ብብቱ ከትቶ ተቀምጧል።

«እንሂድ» አለ ሠረቀብርሃን።

«በአንድ ሰው? ይሙላና እንሄዳለን፣ ጋሽ ሆርቲ።»

ሠረቀብርሃን ገባ፣ ተቀመጠ፣ ወረደ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ተመልሶ ገባ። ሦስት ሴቶች ነጭ ሽንኩርት ጭነው ሲመጡ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ አስገባ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ የአንኮበርን ስም መጥራት ጀመረ፤ ወደ ደሴ የሚሄድ አንድ ሰው እንኳ በጉትጎታው ብዛት ተሳስቶ ሊገባ ነበር።

«ምን ነክቶሃል?» አለ ቃለ አብ። «ቤትህ ተቃጥሎ ነው?»

«ከዚያ ይብሳል።»

መንገድ ላይ ጉልበቱ አላርፍ አለ። ሚኒባሷ በፈጠነች ቁጥር ዘገየች ይመስለዋል። የሚለውን ማዘጋጀት ነበረበት፤ እውነቱን ብቻ አይሁን እንጂ የፈለገውን ይሁን። አጠገቡ ወደተቀመጠችው ባለ ነጭ ሽንኩርት ዞረ።

«እህቴ፣ ዛፍ ቅዳሜ መቁረጥ ተከለከለ ብልሽ ታምኛለሽ?»

«ማን ከለከለው?»

«መንግሥት።»

«የትኛው ቢሮ?»

ሠረቀብርሃን ቢሮ አላዘጋጀም። «ትልቁ» አለ።

«እኔ ብሆን ደብዳቤ አምጣ እላለሁ» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «የማንን ዛፍ ልታድን ነው?» አለች።

«የእኔን።»

«ታዲያ የራስህን ዛፍ ማን ይቆርጥብሃል?»

ሠረቀብርሃን ወደ ቃለ አብ ዞሮ «ንዳት እንጂ!» አለ፤ ጎረቤላ ሲደርሱም ሚኒባሷ ሳትቆም ወረደ።

ከጎረቤላ ወደ ቤቱ የሚወርደው መንገድ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሠረቀብርሃን በአሥር ደቂቃ ነው የጨረስኩት ይላል፤ ሩብ ሰዓት ብንለው አንጣላም። ጭጋጉ ከቆላው እየተሳበ ይወጣል፣ ከእግሩ ሥር ያለው መንገድ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። መሀል ላይ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። ጮኾ «ቆይ» አለ። ከጭጋጉ ውስጥ «ምኑን?» የሚል የማያውቀው ሰው ድምፅ መለሰለት፤ ሰውየው የራሱን ባሕር ዛፍ እየቆረጠ ነበር። ሠረቀብርሃን ይቅርታም ሳይል አለፈው።

ካቡ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ያያት የራሱን ዛፍ ነው። ረቡዕ ያራገፋት፣ እርቃኗን ቆማለች። ከማዶ ቢጫዋ ቅጠሏን እንደ ለበሰች አለች። ኃይለኢየሱስ መሰላል ላይ ወጥቷል። ወደ ካቡ ያዘነበለችው ትልቋ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተኝታለች፤ የተቆረጠችበት ቦታ ነጭ ሆኖ ያበራል። ሁለት የሠፈር ሴቶች ማገዶ ሊወስዱ ገመድ ይዘው ቆመዋል። እትዬ ለተ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ትወጣ እንደሆነ ይጠብቃሉ።

ሠረቀብርሃን ካቡን ዘለለ። ከላይ አንድ ድንጋይ ተንዶ ተከተለው።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ለተ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በሩ እኮ ክፍት ነው።»

«ዛሬ አትቆረጥም» አለ እያለከለከ። «ከባለሙያ ነው የሰማሁት። በታኅሣሥ የተቆረጠ ዛፍ በሽታውን ይረጫል።»

እትዬ ለተ ቀና ብለው ወደ መሰላሉ አዩ። «ኃይለኢየሱስ፣ በጥር ትመጣለህ?»

«ጥር ሠርግ አለብኝ። ሦስት ቤት።»

«እንግዲህ ዛሬ ጨርስ።»

መጋዙ ሁለተኛዋን ቅርንጫፍ መብላት ጀመረ። ሠረቀብርሃን ከእትዬ ለተ ፊት ወደ መሰላሉ፣ ከመሰላሉ ወደ እትዬ ለተ ተመላለሰ።

«ጥላ ያጣሉ ብዬ አዝኜ ነው እኮ።»

«ጥላዋ ካብ ዘሎ ጓሮዬ ገባ ብለህ ከስሰኸኝ ነበር።»

«እሺ ከነሥሯ ነቅዬ ልውሰዳት። እኔ ጋ ታገግማለች።»

ኃይለኢየሱስ ከላይ ሳቁ አመለጠው። «አሥራ አንድ ዓመት የቆመ ዛፍ ነቅለህ ልትተክል? በኪስህ ነው የምትይዘው?»

ሴቶቹም ሳቁ። መጋዙ ሄደ፣ መጣ። ለሠረቀብርሃን የሚቀጥለው ዓመት ታየው፤ ሰፌዱ ባዶ፣ ማኅበርተኛው አንገቱን አስረዝሞ፣ «ጋሽ ሆርቲ፣ ፖሙስ?» ሲል። ሁለት ውሸት ገና ቀርቶት ነበር። አንደኛው ስለ ንብ መንጋ፣ ሁለተኛው ስለ አንድ የውጭ ዜጋ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«የእኔዋ ያለ እርስዎዋ አታፈራም።»

ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። እንዲህ ዝቅ ብሎ ተናግሮ ስለማያውቅ ሰዎቹ ሌላ ሰው የተናገረ መሰላቸው።

«አልሰማሁም» አለ ኃይለኢየሱስ መጋዙን አቁሞ። አንኮበር ወረዳ ውስጥ የሰማውን ከኃይለኢየሱስ ፈጥኖ የሚያዳርስ ሬዲዮ የለም። ሠረቀብርሃን ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«የእኔ ዛፍ ከእሳቸው ዛፍ ብናኝ ካላገኘች አበባዋ ይረግፋል አልኩ። ስምንት ዓመት ያፈራችው በእሷ ነው።»

እትዬ ለተ አልተገረሙም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

«ማን ነገረህ?»

«ዙቤዳ የምትባል ባለሙያ። የአልዩ አምባዋ።»

«የተባረከች ልጅ ናት። ለእኔ የነገረኝ ገብሬ ነው። ለአንተም ነግሮህ ነበር።»

«ለእኔ?»

«ሁለቱንም ችግኞች እሱ ነው ያመጣቸው። አንዷን በዚህች ካብ ላይ አቀበለህ። ‹ሠረቀ፣ እኩል አራግፏቸው፣ እኩል እንዲያብቡ› አለህ። አንተ ሰው ጠርተህ ችግኟን እያሳየህ ስለነበር አልሰማኸውም። በሳምንቱ ችግኟን ከደብረ ብርሃን በትከሻህ ተሸክመህ በእግርህ ያመጣሃት ሆነች።»

ሠረቀብርሃን ያን ጉዞ ብዙ ጊዜ ተርኮታል። ዝናቡን፣ ጅቡን፣ የተሻገረውን ወንዝ ጭምር። እውነት ለመናገር እሱም አምኖት ነበር።

«ታዲያ ያ በማግስቱ የሚያራግፉት...»

«አንተ መቼ እንደምታራግፍ አትናገርም። ወጥቼ አይሃለሁ፣ በማግስቱ የእኔን አራግፋለሁ። የእኔዋ ብቻዋንም ጥቂት ጥቂት ታፈራለች። ያለ ጎረቤት የምትራበው ያንተዋ ናት። ገብሬ ሲሞት ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ አንዱ ይሄ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው አንተን አይመለከትም።»

ከሴቶቹ አንዷ ገመዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሠረቀብርሃን እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ከጀርባው አደረገው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍህ የሚያርፍበትን ቀን ስጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ» አሉ እትዬ ለተ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «ከእሷ ቅርንጫፍ ወስጄ እንዳዳቅልላቸው ሦስት ሰዎች ጠይቀውኝ ነበር። አንተ ታማለች ካልክ በኋላ ሦስቱም ተዉት። ሰው በካቡ ሥር ሲያልፍ ነጠላውን ይሰበስባል። የገብሬን ዛፍ። እንደሱ ሆና ከምትቆም ትውደቅ አልኩ።»

ጭጋጉ ሳስቶ ቀጭን ፀሐይ ወጣች። ሠረቀብርሃን ወደ ሴቶቹ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ኃይለኢየሱስ ቀና አለ።

«አልታመመችም። ነጠብጣቡ የክረምት ነው፣ የእኔዋም ቅጠል ላይ ነበረ፤ ሰው ሳያይ አረገፍኩት። ታማለች ያልኩት አንድ እንግዳ ቢጫዋ ትጣፍጣለች ስላለ ነው።»

ኃይለኢየሱስ አገጩን በመጋዙ እጀታ ላይ አሳርፎ አሰበ። «ታዲያ ትጣፍጣለች?»

እስካሁን ከተናገረው ሁሉ ይህ ከበደው። አንኮበር ተራራ ተነሥቶ ትከሻው ላይ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር።

«ትጣፍጣለች» አለ።

«ውረድ፣ ኃይለኢየሱስ» አሉ እትዬ ለተ።

ኃይለኢየሱስ ወረደ። ሁለተኛዋ ቅርንጫፍ ገና ግማሽ ድረስ አልተበላችም ነበር፤ እትዬ ለተ ቁስሏን በእጃቸው ዳሰሱና «ትድናለች» አሉ። የወደቀችውን ግን ቆመው ብዙ አዩአት። ወደ ካቡ ያዘነበለችው፣ ለሠረቀብርሃን ዛፍ ቅርብ የነበረችው እሷ ናት።

«ሰንጢ አለህ?» አሉ።

«የለኝም።»

«ቤትስ?»

«ቤትም የለኝም።» አምስት ሺህ ችግኝ ያዳቀለው ሰው በሕይወቱ አንድም አላዳቀለም፤ ይህንን ደግሞ ኃይለኢየሱስ ባይሰማ ደስ ባለው፤ ኃይለኢየሱስ ግን ቅርብ ነበር።

እትዬ ለተ ገብተው አሮጌ ሰንጢ፣ የላስቲክ ቅዳጅና ትንሽ ሰም ይዘው ወጡ። የሰንጢው እጀታ በአውራ ጣት ግፊት ተበልቶ ጎድጉዷል። ከወደቀችው ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያካክሉ ቀንበጦች መርጠው ቆረጡ፣ ቅጠላቸውን አራገፉ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለሉ። በበሩ ዞረው ወደ ሠረቀብርሃን ጓሮ ገቡ። ሸዋረገድ ከቤት ወጥታ በረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

እትዬ ለተ ዛፏን ዞረው አዩና ከመንገዱ በኩል ያለችውን፣ ከሁሉ የምታምረውን ቅርንጫፍ ያዙ።

«ከጀርባ ብትሆን አይሻልም?» አለ ሠረቀብርሃን። የሚመጣው ታይቶታል፤ በቀዩ ዛፍ መሀል፣ ከመንገድ ፊት ለፊት፣ በየዓመቱ ቢጫ ፖም።

«ከጀርባ ፀሐይ የላትም።»

ቅርንጫፏን በመጋዝ አሳጠሯት፣ ጫፏን በሰንጢ ሰነጠቁ። ሁለት ቀንበጦች እንደ ሽብልቅ አሹለው ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ፣ አንዱን በዚህ ዳር አንዱን በዚያ ዳር፤ የቀንበጡ ልጥ ከቅርንጫፉ ልጥ ጋር እንዲገጥም በጥፍራቸው እየዳሰሱ።

«ያዝ። ላስቲኩን እስክጠመጥም ሁለቱንም ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

ሠረቀብርሃን ያዘ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ያላረፈው እጁ ግን ቀንበጦቹን ወዲያና ወዲህ አደረጋቸው።

«ከተንቀሳቀስክ ይለያያል።»

ትንፋሹን ዋጠ። ጉልበቱ ቆመ፣ ትከሻው ቆመ። ላስቲኩ በጣቶቹ መሀል እየዞረ ይጠብቃል። እትዬ ለተ ሥራቸውን ሳያቆሙ ይናገሩ ነበር፤ «ይሄ አብቦ ላንተዋ ብናኝ እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ከካቡ ማዶ ያለችውን ነው የምትጠብቀው። ዛሬውኑ ቅጠሏን ታራግፍልኛለህ፤ ካንተዋ ሦስት ቀን ዘግይታለች። ሦስት ቀን ንቧ ትታገሣለች።»

«እሺ።»

«ቁስሏንም ሰም ትቀባልኛለህ።»

«እሺ።»

ከላይ ባለው መንገድ አንድ የማኅበሩ ሰው በቅሎ እየነዳ ሲያልፍ ቆመ። ካቡ ላይ የተቀመጠውን ኃይለኢየሱስን አየ፣ ማገዶ ሳይዙ የቆሙትን ሴቶች አየ፣ ሠረቀብርሃንን አየ።

«ጋሽ ሆርቲ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

በሠረቀብርሃን አፍ ውስጥ ብዙ ነገር ተሰለፈ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘዴ፤ ከደብረ ብርሃን በምስጢር የመጣ፤ አራት መቶ ገበሬ ያጨበጨበለት፤ በአንድ ዛፍ ሰባት ዓይነት ፍሬ። ሁሉም እየተገፋፉ ምላሱ ጫፍ ደረሱ። ከመካከላቸው ግን አንዱን ለማውጣት ራሱን ማዞር ነበረበት፤ ቀንበጦቹ ደግሞ ገና አልታሠሩም።

«የሚሠሩት እሳቸው ናቸው» አለ ሳይዞር። «እኔ ይዣለሁ።»

«ቀንበጡን ቀና አድርገው» አሉ እትዬ ለተ።

ቀና አደረገው።